የሻምበሉ ድምፅ

ከሉማሜ ተነስተን ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ መንገዱ ላይ የወታደሮች ፍተሻ ስላለ ሚኒባሱ ውስጥ ትንፍሽ የሚል ሰው አልነበረም። ከኋላዬ የተቀመጡት አሮጊት ብቻ አጠገባቸው ያለችውን ወጣት ዝም ሊሏት አልቻሉም።

«ምነው ልጄ፣ ሻንጣው ላይ እንዲህ ሙጭጭ አልሽ?»

«ቀስ ይበሉ እማማ። የወታደር ልብስ አለበት። ነገ መድረክ ላይ ሻምበል ሆኜ ልጫወት ነው።»

«አንቺ? ሴቷ?»

«ሻምበል የሚሆነው ልጅ መንገዱን ፈርቶ ቀረ።»

«በእኛም ጊዜ እንዲሁ ነበር። የኪነት ቡድናችን ወንዶች ለዘመቻ ሲታፈሱ፣ በጥላሸት ፂም እየሳልን በነሱ ቦታ እኛ ሴቶቹ እንጫወት ነበር። እኔ ስንቴ ሻምበል ሆኛለሁ!»

«እኔን የጨነቀኝ ፍተሻው ነው። ልብሱን ቢያገኙት የቲያትር ነው ብል ማን ያምነኛል?»

«ተጫወቺላቸዋ።»

«ስፈራ ድምፄ ይርበተበታል።»

«ከጉሮሮሽ ስለምታወጪው ነው። ከሆድሽ አውጪው። ስሚ፣ እንዲህ ነው።»

ወዲያው ጎርናና የወንድ ድምፅ መኪናውን ሞላው።

«ቁም! ሁላችሁም መታወቂያ!»

ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠው። መኪናው መሀል አስፋልት ላይ ቀጥ አለ።

«ኧረ እማማ!» አለ ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ክው አደረጉኝ እኮ!»

«ይቅር በለኝ ልጄ፣ ለእሷ ላሳያት ብዬ ነው» አሉ አሮጊቷ፣ በራሳቸው ቀጭን ድምፅ።

«እማማ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ ሻንጣው ላይ ሙጭጭ አሉ» አለች ልጅቷ።

«ድምፁን እኔም ፈራሁት።»

መታወቂያዬን አውጥቼ ወደ ላይ ዘርግቼ እንደያዝኩ የታወቀኝ ያኔ ነው።