ወይዘሮ ኮራል የሰረዙት ቃል

በዚያ የወረርሽኝ ዓመት በእኛ ከተማ በባላራት ሰው ከደጁ የሚወጣው ቆሻሻ ለማውጣት ብቻ ስለነበር ክቱን ለብሶ ይወጣ ነበር። እኔም ከረባቴን አስሬ የቆሻሻ ገንዳዬን ስገፋ ጎረቤቴ ወይዘሮ ኮራል በሠርግ ባርኔጣቸው ብቅ አሉ። ሕግ የምትማረውና መንግሥትን ለሚከሱት ጠበቆች ምስክርነት የምትሰበስበው ጃሲንታም አፏን ሸፍና፣ ወረቀት ይዛ መጣችና ራቅ ብላ ቆመች።

«ወይዘሮ ኮራል፣ የሰጡንን ቃል አነበብኩት። ባለቤትዎን በቀን ስንት ሰዓት ያስታምማሉ ለሚለው ‹ምንም› ብለዋል።»

«ታዲያ ዊልፍ ባሌ አይደለም? ባልን መንከባከብ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በሰዓት የሚለካው?»

«መንግሥት ለሥራ ፈላጊው ድጎማ ሲጨምር አስታማሚውን ዘሎታል። የምንከሰው ለዚህ ነው። ‹ምንም› ካሉ ግን የመሰከሩት ለመንግሥት ነው።»

«እኔ የሰው ደጅ ጠንቼ አላውቅም፣ የኔ ልጅ። እንደ ምንም እንወጣዋለን።»

የእኛ አገር ሰው እግሩ ተሰብሮም «ደህና ነኝ» ይላል። እኔም ያው ነኝና ልፈርድባቸው አልችልም።

«ቤት ድረስ ትመጣ የነበረችው ነርስ በወረርሽኙ ምክንያት መምጣት ካቆመች ወዲህ ብቻዎን ነዎት» አለች ጃሲንታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እርስዎ ቢወድቁ ጋሽ ዊልፍን የሚወስዷቸው ጠያቂ ወደማይገባበት የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ድጎማው ቢጨመር ግን ጠዋት ጠዋት የሚያግዝዎ ሰው ይቀጥሩበታል።»

ወይዘሮ ኮራል ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አዘነበሉ። ዊልፍ ሲፈልጋቸው የሚያቃጭለው ደወል እንዳያመልጣቸው ነበር።

«ይኸው» አለች ልጅቱ። «ከመጣሁ ደወሉን ሲያዳምጡ አራተኛዎ ነው። ሲተኙስ?»

«በአንድ ጆሮዬ ነው የምተኛው።»

«እንግዲያው እሱም ይቆጠራል።»

ወይዘሮ ኮራል ወረቀቱን በገንዳው ክዳን ላይ ዘርግተው «ምንም» የሚለውን ሰረዙና «ሃያ አራት» ብለው ጻፉ።   ክሱ ሊሳካም ላይሳካም ይችላል፤ ነገር ግን ያልተነገረውን ድካም ሕግ አያየውም። የአንዱ ዝምታ ደግሞ ሌላውንም ከድጎማው ያስቀራል።

«ሌላ ባዶ ወረቀት አለሽ?» አሉ።

«ተሳሳቱ እንዴ?»

«ከመንገዱ ማዶ ላለችው ለቬልማ ነው። እናቷን ማስታመም ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆናት። እሷም ‹ምንም› ነው የምትልሽ። እኔ እነግራታለሁ።»

ወዲያው ደወሉ ተሰማ። ወይዘሮ ኮራል ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ቤት ሮጡ። ገንዳቸውን እኔ አወጣሁላቸው።