ስለ እኔ የተጠየቀ ይቅርታ
ነገሬ የተበላሸው ኤረር በር በሚባለው የከተማችን መግቢያ አጠገብ ለቅሶ የተቀመጥን ዕለት ነው። ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ በድንኳኑ ሰው ፊት «እናንተ ካቶሊኮች ለሐውልት ትሰግዳላችሁ» አሉኝ። «እርስዎስ የቤተ ክርስቲያን በር የሚሳለሙት ለእንጨቱ ብለው ነው?» አልኳቸው። በሳምንቱ የቁምስናችን፣ ማለትም የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ቄስ «ጋሽ ታደሰን አስቀይመሃል» ብለው ልጆችን ትምህርተ ክርስቶስ ከማስተማር አገዱኝ። ይኸው ዓመታት አለፉ።

ትናንት ጋሽ ታደሰን ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ሲገዙ አገኘኋቸውና «ለምን ከሰሱኝ?» አልኳቸው። «እኔ? ተው እንጂ አቦ! ቄሳችሁ ናቸው ቤቴ ድረስ መጥተው ስለ አንተ ይቅርታ የጠየቁኝ። እኔማ መልስህን ለባለቤቴ ነግሬያት ስትስቅ ከረመች» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ ስላቃተኝ ለቄሳችን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ አባ፣ እኔ የተናገርኩት እርስዎ ያስተማሩኝን ነው። ታዲያ ይቅርታ የጠየቁት ስለ የትኛው ቃል ነው? ይመልሱልኝ።