የበር ቀለም የተቀባው መኪና

እንዴት አደርክ የኔ ልጅ? መካኒክነት መቼም ከባድ ነው፤ ጉልበትህ እንዴት ይዞሃል? ይቺን ካርቶን ከሥርህ አንጥፋት፣ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። እኔማ ልጄን ልጠይቅ ብቅ ብዬ ነው። በረንዳው ላይ ያሉትን ሁለት ሻንጣዎች አትያቸው... የኔ አንዱ ብቻ ነው።

ባለመኪናው? ይኸው መሪው ላይ ተቀምጠዋል፣ መስኮቱንም ከፍተውታል። እኔ ስለሳቸው ምን እላለሁ? አማች ይታማል እንዴ? ደሞ አዲስ መኪና ማንም ይገዛል፤ ያረጀ የጌታ መኪና ለመግዛት ግን ልብ ይጠይቃል። ወንበሩ ቆዳ፣ ጌጡ እንጨት፣ ኋላው ደግሞ ሲያፈገፍግ ሰው ካለ ጩኸት...

"ሞኝን እባብ ሁለቴ ይነክሰዋል፣ አንዴ ሳያይ አንዴ ሲያሳይ" ይላሉ። እሳቸውን እባብ መች ይደፍራቸዋል? የግቢውን በር ነው ሁለቴ የገጩት፤ አንዴ ሳያዩ፣ አንዴ እንዴት እንደገጩት ለጎረቤት ሲያሳዩ። እጃቸው ደግሞ ሥራ አይፈታ! ጭረቱን ለመሸፈን ከበሩ የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም አምጥተው የኋላውን መከላከያ፣ ፓራውልቱን፣ በቡሩሽ ለቀለቁት። ሦስት ጊዜ ደርበው! አሁን በሩና መኪናው የአንድ እናት ልጆች አይመስሉም?

በማግስቱ ጢጥ ጢጥ ጢጥ! ከኋላ ሰው ኖረ አልኖረ፣ ጢጥ ነው። "ሴንሰሩ አብዷል" አሉና የጩኸቱን ሽቦ በጠሱት። ከዚያ ልጄን ከኋላ አቆሟት። ሚስት ማመን እንዲህ ነው እንጂ! "ና፣ ና፣ ና... በቃ!" ትላለች። "ና"ዋን ሁሉ አንድ ሳይቀር ሰሙላት። "በቃ" ብቻ አመለጣቸው... ሰው ሁሉን መስማት ይችላል እንዴ? ስታነክስ አይተሃት የለ? በኋላም "ቀስ ብለሽ ነው የጮኽሽው" ብለው መከሯት። ምክር አይነፍጉም።

አሁን አንተ የኋላ ማርሽ አስገብተው እንዲቆዩ አድርገህ፣ ጆሮህን ለጥፈህ ስታዳምጥ አራቱም ሴንሰሮች ቲክ ቲክ አሉልህ አይደል? የሞተ የለም ማለት ነዋ! የአንዱን ፊት በካቻቢቴህ ጫፍ ስትፍቀው ደግሞ ይኸው፣ የቀለም ቅርፊት። አየህ፣ ዓይኑን ለቅልቀውት "ፊቴ ግድግዳ ነው" ቢል ምን ያድርግ? እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ግን በዚህ ቤት ከኋላ ሆኖ የሚጮህ ሁሉ እንደ ብልሽት ሳይቆጠር አይቀርም...

በል ሽቦውን ቀጥልላቸው። ስትጨርስ ሻንጣዎቹን ደጅ የቆመው ታክሲ ላይ አግዘን፤ ልጄም ጫማዋን አጥልቃለች። በሳቸው መኪና? ኧረ እኛ ለዚያ ክብር አንመጥንም!

ሳልመርቅ ግን አልሄድም። ፈጣሪ መኪናቸውን ጤና ያድርግላቸው። ወደ ኋላ ባሉ ቁጥር መንገዱ ባዶ ይሁንላቸው፤ "በቃ" የሚላቸው አንድ ሰው እንኳ አይቁምባቸው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ?... ከዛሬ ጀምሮ ቤታቸው በወርቅ ይሙላ።