እያወቁ መሸነፍ

ሥራዬ በሽታ ያሰነፈውን እጅና እግር ማለማመድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲደግፍ የዋለ ሰው ሲመሽ ራሱ ደጋፊ ያምረዋል። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና አውቶቡስ መጠበቂያው ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ገባሁ። የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱን አወቅኋቸው፤ ልብስ ሰፊው ናቸው። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ካሰነፈባቸው በኋላ እኔ ዘንድ ይመላለሱ ነበር፤ ከዚያ ድንገት ቀሩ፤ ስልክ ሲደወልላቸውም አያነሱም።

ሲያዩኝ ያንን እጃቸውን ቀስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ከተቱት። እኔም እንዳላየ ሆኜ ተቀመጥኩ።

አብራቸው ያለችው ልጃቸው ነበረች፤ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት። ጆይስቲክ የያዘ ቦርሳ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ሁለት ሰዎች ስክሪን ላይ የሚፋለሙበት የቪዲዮ ጌም አለ፤ የዚያን ቀን የከተማው ተጫዋቾች የሚገናኙበት ውድድር ነበረና ተሸንፋ መምጣቷ ነው። አባትየውን ደግሞ እናቷ ናት “ከመቆጣትህ በፊት ሄደህ እይ” ብላ የላከቻቸው።

“እስቲ ዶክተር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ፍረደን” አሉኝ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ አይሰሙም። “ይህቺ ልጅ ቀኑን በእግሯ ቆማ ትውላለች። ቤት ስትገባ ደግሞ ይህን ይዛ ትቀመጣለች። ዛሬ በዓይኔ አየሁ፤ ያ ሁሉ ሰው ፊት አንዱ ባለመነጽር ሲደበድባት ዋለ። ሥራ ያደከመው ሰው ያርፋል እንጂ፣ ለመሸነፍ ይለፋል?”

ልጅቷ ሻይዋን እያማሰለች፣ “አባዬ፣ አምና እኮ በመጀመሪያው ዙር ነበር የምወድቀው። ዛሬ አራተኛው ደረስኩ” አለች።

“አራተኛው ላይ መውደቅም ያው መውደቅ ነው።”

እኔም በእውነት ለማወቅ ፈልጌ እንዴት እንደተሻሻለች ጠየቅኋት። ድምፅዋን ሳታነሳ አጫወተችን። ስትጀምር ዓይኗ እስኪቀላ ትጫወት ነበር፤ ካሸነፈች ትደሰታለች፣ ከተሸነፈች ጆይስቲኩን ትረግምና ሌላ ጨዋታ ትጀምራለች። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሄደ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። በኋላ የተሸነፈችባቸውን ጨዋታዎች ቀርጻ ማየት ጀመረች። የራስን ሽንፈት ማየት የራስን ድምፅ በቴፕ እንደ መስማት ነው፣ ያሳፍራል አለች። ቢሆንም አንድ ነገር ገባት፤ የምትወድቀው ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ፣ ባላጋራዋ ዝቅ ብሎ በሚሰነዝረው ርግጫ ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትታ እሱን መከላከል ብቻ ተለማመደች።

“ታዲያ አሸነፍሽ?” አሉ አባቷ።

“ይባስ ተሸነፍኩ። ሐሳቤ እግሩ ላይ ስለሆነ በእጁ ይመታኛል። ጓደኞቼ ምን ነካት አሉ። እኔ ግን የተቀመጥኩት ለማሸነፍ ሳይሆን እግሩን ለማየት ነበር። አንድ ቀን ሳላስበው እጄ ራሱ ተከላከለልኝ። ከዚያ ወደ ሌላው ስህተቴ ሄድኩ።”

“ሲሰለችሽስ?” አልኳት።

“ሲያናድደኝ አቆማለሁ። የተናደደ እጅ የሚማረው ንዴት ብቻ ነው።”

“እያወቁ መሸነፍ” አሉ አባቷ ለራሳቸው። ቆይተው ደግሞ፣ “ላንቺ ቀላል ነው። እኔን ሰው የሚያውቀኝ በጣቴ ነበር፤ ስንቱን ሙሽራ አልብሻለሁ። አሁን እዚያ ክፍል ገብቼ ስፖንጅ ጭመቅ፣ ልቀቅ ስባል…” ብለው ተዉት። ቤት ውስጥ በየቀኑ ብቻቸውን መርፌ ለማንሳት እንደሚሞክሩ፣ በየቀኑም እንደሚወድቅባቸው ነገሩን።

“አይቼሃለሁ አባዬ” አለች ልጃቸው። “አንተ በየቀኑ የምትገጥመው ሻምፒዮኑን ነው። መርፌውን ለጊዜው ተወው። ጣትህ አልዘረጋ ብሏል፤ እሱን ብቻ ያዝ።”

ይህንኑ እኔም ነግሬያቸው ነበር። ነገር ግን ያው ምክር ከባለሙያ አፍ ሲወጣ ትእዛዝ ይመስላል፤ እየተሸነፈ ከሚማር ሰው ሲመጣ ያጽናናል።

ልብስ ሰፊው የተጨበጠ እጃቸውን ከሥር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ብዙ ጊዜ ይፈጅ እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደሚፈጅ፣ የድሮው እጃቸው ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬም እንደማልዋሻቸው ነገርኳቸው።

“እኔም ሻምፒዮን አልሆን ይሆናል” አለች ልጅቷ።

በሳምንቱ መጡ። ጣት ከመዘርጋት በቀር ሌላ አልነካንም። ልጃቸው እጃቸውን በስልኳ ትቀርጽና አብረው ያዩታል፤ መጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ በኋላ ግን “ይቺ ትንሿ ጣት ናት የምትለግመው” ማለት ጀመሩ። እሳቸውም እኔም የምንዝልበት ቀን ነበር፤ ያን ጊዜ ሳንጨቃጨቅ እናቆማለን። ወራት አልፈው ጣቶቻቸው ተፍታቱ፤ ብርጭቆ ያዙ፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ቆለፉ። ሱቃቸውንም ከፈቱ፤ ስፌቱን ለሠራተኛ ትተው እሳቸው ልኬት መውሰድና መቁረጥ ያዙ። እንደ ድሮው አይፈጥኑም፤ ደንበኛ ግን አይጎድልባቸውም።

በሚቀጥለው ውድድር እኔንም ጋበዙኝ። ልጅቷ ለፍጻሜ ልታልፍ አንድ ጨዋታ ሲቀራት ተሸነፈች። አጠገባችን የነበሩ አንድ አባት ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ የእሳቸውም ልጅ በዚህ ጌም ዕድሜዋን እንደፈጀች፣ ሁልጊዜም እንደምትሸነፍ አማረሩ።

ትምህርት፣ ሙያም ሆነ ጨዋታ የሚሻሻልበት መንገድ አንድ መሆኑን፣ ስህተቱን መርጦ የሚያርም ሰው ቀስ ብሎም ቢሆን እንደሚደርስ ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ልብስ ሰፊው ቀደሙኝ።

“ወንድሜ፣ መሸነፏን ተውት። በምን እንደተሸነፈች ይጠይቋት። ዛሬም በትናንትናው ከሆነ፣ ቁጭ ብላ እንድታየው ይምከሯት። በሌላ ከሆነ ግን አይንኳት፤ መንገድ ላይ ናት” አሉና ልጃቸውን ለመቀበል፣ በዚያ በቀኝ እጃቸው ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ።