ከዘንባባ የወደቀ ሰው አይታጠፍም

የደሴቱ የጤና ሠራተኛ ዦዚሌኒ ከእመት ዙልሚራ ደጅ የተገኘችው ሳታስበው ነው። እንደ ባሕር በየዕለቱ የሚሸሸውና የሚመለሰው ወንዝ ሸሽቶ ጀልባዋን ጭቃ ላይ ስለተዋት፣ ውኃው እስኪመለስ እዚያው መቆየት ግድ ሆነባት። ዙልሚራም ደጇ የደረሰ ሰው ጾሙን አይሄድምና አሳኢ የሚባለውን የዘንባባ ፍሬ ጭማቂ ከካሳቫ ሥር ዱቄት ጋር አቀረበችላት። ገና ሳይጎርሱ ከጓሮ ከባድ ነገር ዱብ ሲል ተሰማ።

የዙልሚራ ልጅ ኤዲቫልዶ ነው። አሳኢ ሊለቅም ከወጣበት ዘንባባ ወድቆ በጀርባው ተንጋሏል።

«እማ፣ እግሬ ደነዘዘኝ» አለ።

ዙልሚራ ሮጣ የሚተኛበትን ተንጠልጣይ የጨርቅ አልጋ ከነገመዱ ፈትታ መጣች። በዚያ ደሴት የታመመ ሰው በዚያው አልጋው ተጠቅልሎ፣ በወፍራም እንጨት ተንጠልጥሎ፣ በሁለት ሰው ትከሻ ነው የሚወጣው። አያቶቿም እንዲሁ ነው የወጡት።

«ጎረቤቶቹን ጥሪልኝ። በጭቃው አቋርጠን ትልቁ ወንዝ እናደርሰዋለን።»

ዦዚሌኒ ተንበርክካ የልጁን ጭንቅላት ግራና ቀኝ ይዛለች። «አይነሳም፣ እትዬ።»

«ምን ማለት ነው አይነሳም? ልጄ እኮ ነው።»

«በአከርካሪው ውስጥ ከአንጎል የሚወርድ ለስላሳ ገመድ አለ። እግሩን የሚያዝዘው እሱ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ፣ ስናጥፈው ስባሪው ገመዱን ሊጎዳው ይችላል። ይሄ አልጋ ደግሞ ሰውን እንደ ሙዝ ያጎብጠዋል።»

«ከተማ ትንሽ ተቀምጠሽ መጣሽና እኛ ሰው መሸከም አናውቅም? እስከ ዛሬ በምን ስንሸከም ኖርን?»

«በዚሁ። ኦታሲሊዮንም በዚሁ ነው ያወጣችሁት።»

ዙልሚራ አልጋውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጎረቤቷ ኦታሲሊዮ አምና ከዘንባባ ሲወድቅ እሷም ነበረች። መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ ሊልሰው የመጣውን ውሻ በእግሩ ሲገፋ በዓይኗ አይታለች። ሆስፒታል ሲደርስ ግን እግሮቹ አልታዘዝ አሉት።

«አልጋው ነው ያደረገው ልትዪኝ ነው?» ድምጿ ዝቅ አለ።

«እሱን ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም። ገመዱ ቆይቶ አብጦም ሊሆን ይችላል። እኔ የማውቀው ኤዲቫልዶ አሁን የእግር ጣቱን እንደሚያንቀሳቅስ ነው። ያለውን አናሳጣው። ራሱን ይያዙልኝ፣ የአምቡላንስ ጀልባ ልጥራ። ውኃው ሲመለስ እዚሁ ድረስ ትመጣለች።»

ግትር ሴት ጥሩ ጠባቂ ይወጣታል። ዙልሚራ ጭቃ ላይ ተቀምጣ የልጇን ጭንቅላት እንደያዘች ቀረች። የመንደሩ ወጌሻ ወሬ ሰምታ ዘይቷን ይዛ መጣችና፣ «ትንሽ ሳብ ሳብ ላድርገው» አለች።

«ዛሬ ልጄን የሚስበው የለም። ዘይትሽን ለራስሽ ጉልበት ተቀቢው።»

«እማ፣ አንድ ጉንጭ አረቄ» አለ ኤዲቫልዶ።

«ታስመልስና ያንቅሃል። ደግሞ ጭንቅላትህም ተመትቶ እንደሆን በምን እናውቃለን? አርፈህ ተኛ። ቀና ካልክ እኔው እመታሃለሁ።»

«ዘንባባው መቶኝ የለ፣ ለአንቺ ምን ቀረ?»

ውኃው ተመለሰ፤ ጀልባዋም ደረሰች። በጀልባዋ የመጡት ሰዎች ራሱን፣ ትከሻውንና ዳሌውን ይዘው እንደ ግንድ አንድ ላይ አዙረው ሳንቃ ላይ አሰሩት። ሆስፒታል ያለው ሐኪም አጥንቱ እንደተሰበረ፣ ገመዱ ግን እንዳልተቆረጠ ለዙልሚራ ነገራት። ተጎድቷል፤ ጊዜና ልምምድ ይፈልጋል።

ጊዜውም ልምምዱም ረጅም ሆነ። ዙልሚራ ሆስፒታል እንዳስተማሯት ቆዳው እንዳይቆስል ቀንም ሌትም ታገላብጠው፣ ተረከዙንና ዳሌውን ትመለከት፣ እግሩን ታፍታታው ነበር። ደክሞት ሲሰድባት እሷም መልሳ ትሰድበው ነበር። ከወራት በኋላ ዱላ ተደግፎ ቆመ፤ ከዚያም ተራመደ። ግራ እግሩ እስካሁን ይጎተታል፤ ዘንባባም ዳግመኛ አይወጣም። አሁን መቅዘፊያ ይጠርባል።

ዛሬ በየደጁ እየዞረች «የወደቀ ሰው አይታጠፍ» ብላ የምትከራከረው ራሷ ዙልሚራ ናት። ሽማግሌው ክሪስፒም፣ «ቆሞ ውኃ መጠበቅ ልብ ያደርቃል» ቢሏት፣ «ያደርቃል። እኔም ደርቆብኛል» አለቻቸው። «ቢሆንም ሳይጎብጥ የቆየ ሰው ነገ ራሱን ችሎ የመሄድ ዕድል አለው። ባይሄድም ቁስል ሳያወጣ፣ ከሰው ጋር ማዕድ ቀርቦ ይኖራል። አንዱ ሰው በእጁ ራሱን ይያዝለት፣ ሌላው ስልክ ይደውል።»

ክሪስፒም ከጓዳቸው አንድ ሰፊ ሳንቃ አውጥተው፣ የወደቀ ሰው ሲኖር ማንም በቀላሉ እንዲያገኘው ከወንዙ ዳር ደረጃቸው አጠገብ አቆሙት።