አራት ጊዜ ተወዳድረው ሸሪፍ ያልሆኑት አቶ ሃልቮር ብሮተን

የተከበራችሁ የብሮተን ቤተሰቦች፣ ከሩቅም ከቅርብም በዚህ በረዷማ መንገድ እየተንሸራተታችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ ይህን ዜና ሕይወት እንዳነብ ያዘዙኝ የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አርዲስ ናቸው። እኔ ዴልበርት ሩድ በዚህ አውራጃ ፖሊሱንና እስር ቤቱን የሚያዝ ሸሪፍ ሆኜ ሃያ አራት ዓመት ሳገለግል አቶ ሃልቮርን በምርጫ አራት ጊዜ ያሸነፍኳቸው ሰው በመሆኔ፣ ሌላ ሰው ቢያነበው አይሻልም ወይ ብዬ ነበር። ወይዘሮ አርዲስ ግን "አራት ጊዜ አፉን አስዘግተኸዋል፤ አሁን አንድ ጊዜ ተናገርለት" ስላሉኝ ወረቀቱን ተቀብዬ ይኸው ቆሜአለሁ።

አቶ ሃልቮር ከአባታቸው ከአቶ ቶርቫልድ ብሮተንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገርትሩድ ሊን፣ በሰሜን ዳኮታ በፌልስታድ አውራጃ፣ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን በስተ ሰሜን አራት ማይል ርቆ በሚገኘው የድንች እርሻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. በመስከረም ወር ተወለዱ። እናታቸው እስከ ምሳ ሰዓት ድንች ሲለቅሙ ቆይተው ከምሳ በኋላ ቢወልዷቸው፣ አባታቸው "ምነው ሥራ ከሚያስፈታ ለነገ እሑድ ቢቆይ!" ብለው ማዘናቸው ይነገራል። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ መምህርታቸው በውጤት ካርዳቸው ላይ "ጠባዩ መልካም ነው፤ መልሱን እያወቀ ግን እጁን አያወጣም" ብለው የጻፉት እስከ ዕለተ ሞታቸው ሳይሻሻል ቆይቷል።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በአንድ የካቲት ወር አጎታቸው አቶ ኒልስ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው፣ በረታቸው ደጃፍ በረዶ አንሸራቷቸው ወድቀው፣ ጎረቤቱ ሁሉ "ኒልስ እንደሆነ ዝምታ ይወዳል" እያለ በየቤቱ ስድስት ቀን ተቀመጠ። በስድስተኛው ቀን ሄደው አስከሬናቸውን ያገኙት አቶ ሃልቮር ነበሩ። ይህን ከአንደበታቸው የሰማ ሰው የለም፤ እኔም ያወቅሁት ከወይዘሮ አርዲስ ነው።

በ1964 ዓ.ም. በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በተዘጋጀ የእራት ግብዣ ላይ ከወይዘሮ አርዲስ ጋር ተዋወቁ። እንደምታውቁት እኛ ዘንድ ከትሪ ላይ የመጨረሻዋን ቁራጭ ማንሳት ነውር ስለሆነ፣ አንዷን ኬክ ግማሿን፣ የግማሿን ግማሽ፣ የዚያንም ግማሽ እየቆረጥን ለዓይን እስክትጠፋ እናሳንሳታለን እንጂ የሚደፍራት የለም። ሁለቱም "አንቺ ውሰጂ"፣ "ኧረ አንተ ውሰድ" ሲባባሉ ሰው ሁሉ ተበትኖ፣ ወንበሩም ተሰብስቦ ብቻቸውን ቀሩ፤ በዓመቱም ተጋቡ። ከዚያም ወይዘሮ ካሪንንና አቶ ለይፍን ወልደው አሳድገዋል። አቶ ሃልቮር ድንች ከማረሳቸው ጎን ለጎን ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለነዱ፣ በአውራጃው ውስጥ ከየትኛው ቤት ጭስ እንደሚወጣና ከየትኛው እንደማይወጣ ከእርሳቸው ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም።

በ1986 ዓ.ም. ለሸሪፍነት ተወዳደሩ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሕዝቡ ሁለታችንን አቁሞ "ቅድሚያ የምትሰጡት ለምንድን ነው?" ብሎ በጠየቀን ጊዜ፣ እኔ ስለ ሌቦች፣ ስለ አዳዲስ መኪኖችና ስለ ሬዲዮ መገናኛ ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። እርሳቸው ከዘር ድንች ነጋዴ የተሰጣቸውን የግድግዳ ካላንደር ገልብጠው በጀርባው የጻፉትን አነበቡ፦ "አንደኛ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ሁሉ በበረዶው ወራት በሳምንት አንድ ቀን በሩ ይንኳኳል። ሁለተኛ፣ ከበረት ያመለጠ ከብት ለባለቤቱ ያለ ቁጣ ይመለሳል። ሦስተኛ፣ የእስር ቤቱ ቡና ይሻሻላል።" ከዚያ ተቀመጡ። እኔም ሕዝብ ማሳቅ ስለምወድ "ሃልቮር፣ የምትወዳደረው ለሸሪፍነት ነው ወይስ ለሞግዚትነት?" አልኳቸው። "የሚያንኳኳ ይኑር እንጂ ስሙን አንተ አውጣለት" አሉኝ። አዳራሹ በእኔ ቀልድ ሳቀ፤ እኔም አሸነፍኩ። ሦስተኛው ነጥብ በእስረኞች ዘንድ ከፍተኛ ድጋፍ ቢያገኝም፣ እስረኞቹ የሌላ አውራጃ ሰዎች ስለነበሩ ለድምፅ አልበቃም።

በ1990 ዓ.ም. ያንኑ ካላንደር ይዘው ተመለሱ። በሐምሌ አራት የነፃነት በዓል ሰልፍ ላይ ተወዳዳሪ ሁሉ ከመኪና ላይ ከረሜላ ሲበትን፣ እርሳቸው ግን ከረሜላ ጥርስ ያበላሻል በማለት ቀይ ድንች በተኑ። አንዷ ድንች የሙዚቀኞቹን መሪ ኮፍያ አውልቃ ትልቁ ከበሮ ላይ ስላረፈች ሰልፉ ለጊዜው ቆመ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ስሆን፣ "መሣሪያ" በሚለው ቦታ ላይ "ድንች፣ ያልተላጠ" ብዬ መሙላቴን አስታውሳለሁ። በ1994ም ተወዳደሩ፤ ያኔ ድንቹን በእጅ አደሉ፤ ቢሆንም ተሸነፉ።

በ1998 ዓ.ም. ግን ውጤቱ እኔ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት፣ እርሳቸው አንድ ሺህ ሁለት መቶ አምስት ሆነ። ሦስት ጊዜ ተቆጠረ፤ አልተለወጠም። በቀጣዩ እሑድ እዚሁ ምድር ቤት ውስጥ ወይዘሮ አርዲስ "አንድ ድምፅ! ያ አንድ ሰው ማን ይሆን? ባገኘው!" እያሉ ሲብሰለሰሉ፣ አቶ ሃልቮር ሳህናቸውን አስቀምጠው "እኔ ነኝ" አሉ። ለራስ ድምፅ መስጠት የመጨረሻዋን ቁራጭ እንደ ማንሳት ስለመሰላቸው፣ አራቱንም ጊዜ የመረጡት እኔን ኖሯል። "አንተ ሰውዬ! ሹመቱን በገዛ እጅህ ለዴልበርት አጉርሰኸው መጣህ?" አሉ ወይዘሮ አርዲስ፤ ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ቀን ያህል አላናገሯቸውም።

አቶ ሃልቮር ግን በዚያው ሳምንት ሐሙስ ማንም ሳይሾማቸው በድንች ፒካፓቸው ወጥተው ብቻቸውን የሚኖሩትን ሰዎች በር ማንኳኳት ጀመሩ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮዬ ደውለው "ዴል፣ አሥራ አንዱም ደህና ናቸው" አሉኝ። "ማን ላከህ?" ብላቸው "ማንም፤ ማወቅ ከፈለግህ ብዬ ነው" ብለው ዘጉት። እኔም ለረዳቶቼ ድምፃቸውን እያስመሰልኩ ሳስቅባቸው ከረምኩ። በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ አቶ ሃልቮር ከአሥራ አንዱ አንዷን፣ ወይዘሮ ኦልጋ ስቴንን፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ ወጥ ቤታቸው ወለል ላይ ወድቀው አገኟቸው፤ ሴትዮዋም ድነው ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ከዚያ ወዲያ የሐሙሱን ስልክ ብድግ ብዬ ነበር የማነሳው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ባለቤቴ ላቮን አረፈች። ከቀብሩ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ የቤቴ በር ተንኳኳ፤ አቶ ሃልቮር ናቸው። "ምን ፈልገህ ነው?" አልኳቸው። "ምንም፤ መኖርህን ላይ ነው።" "አለሁ!" "አየሁ። በል ደህና ዋል።" ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ቡና አፍልቼ ጠበቅኋቸው፤ አንድ ጊዜ ፉት አሉና "ከእስር ቤቱ ይዘኸው ወጣህ እንዴ?" አሉኝ።

ባለፈው መኸር ልባቸው ታመመና ሐኪም መንዳት ቢከለክላቸው፣ ወይዘሮ አርዲስ እየነዱ እርሳቸው ማንኳኳታቸውን ቀጠሉ። ባደረባቸው ሕመም በሐኪም ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ረቡዕ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ወሬው ሳይደርሰኝ ሐሙስ መስኮቴ ሥር ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ተኩል ሆነ፤ ቡናው ቀዘቀዘ። ተነሥቼ ሄድኩና ለመጀመሪያ ጊዜ የእርሳቸውን በር አንኳኳሁ። የከፈቱት ወይዘሮ አርዲስ ናቸው። ያንን የቆየ ካላንደር ሰጡኝ። ከሦስቱ ነጥቦች ሥር፣ ያረፈ ሰው ስም እየተሰረዘ በቦታው ሌላ የተተካበት የስም ዝርዝር አለ፤ የእኔ ስም አሥራ ሁለተኛ ነው። አሥራ ሦስተኛው በቅርቡ የተጻፈ ሲሆን "አርዲስ ብሮተን" ይላል። "ማን እንደሚያንኳኳ አልጻፈም" አሉኝ፤ "አንተን ለመጠየቅ እንዳፈረ ሞተ።"

እንግዲህ ወይዘሮ አርዲስ፣ እኔም አፍሬ የያዝኩትን እዚህ ልናገረው። በዚያ በአንድ ድምፅ ባሸነፍኩበት ምርጫ ድምፄን ለማን እንደ ሰጠሁ ጠይቀውኝ አያውቁም። ለራሴ ነው የሰጠሁት። የመጨረሻዋን ቁራጭ እኔ አነሳኋት፤ እስከ ዛሬም አልወረደችልኝም።

አቶ ሃልቮር ብሮተን ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ፤ ከእነዚህም ሌላ ሐሙስ ሐሙስ የሚጠብቁ አሥራ ሦስት በሮችን ትተው አልፈዋል። ካላንደሩ መኪናዬ ውስጥ ነው። ነገ ሐሙስ ነው፤ የመጀመሪያው በር የእርስዎ ነው፣ ወይዘሮ አርዲስ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥልን። ጌታ ሆይ፣ በሰማይ ገበታህ ላይ የመጨረሻዋ ቁራጭ ስትቀር፣ ይህ ሰው ስንት ጊዜ ቢለምኑት እጁን አይሰድምና፣ እባክህ አንተው ራስህ አጉርሰው።