ዱልሲ እንቁላል በመጣል ላይ እያለች ስለተደፋው ሣጥን

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ቬርና ሆስኪንግ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር
አድራሻ፦ አውስትራሊያ፣ ብሮክን ሂል ከተማ፣ ጋርኔት ጎዳና
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት
ቃሉን የተቀበሉት፦ ኮንስታብል አኒታ ፋሩጃ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ እንድናገር ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

የአጥር ጎረቤቴን አቶ ሌስሊ ትሬጌንዛን ከሃያ ዓመት በላይ አውቃቸዋለሁ። የማዕድን ጡረተኛ ናቸው። ባለቤታቸው ወ/ሮ ጆይስ ከሞቱ ወዲህ በቤቱ የሚኖሩት እሳቸውና ዱልሲ የምትባል ጢማም እንሽላሊት ብቻ ናቸው። ዱልሲን ጣት ከምታህልበት ጊዜ ጀምረው ያሳደጓት ወ/ሮ ጆይስ ሲሆኑ፣ የዱር እንስሳ ማሳደጊያ ፈቃዱም በደንቡ መሠረት ወደ አቶ ሌስሊ ተዛውሯል።

በዚህ ወር መጀመሪያ አቶ ሌስሊ ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ አዴሌድ ሲሄዱ ዱልሲን እዚያው ቤታቸው እየገባሁ እንድጠብቃት ለእኔ በአደራ ሰጥተዋል። አደራው የተሰጠው ለእኔ እንጂ ለእህታቸው ልጅ ለዳሚየን ኮርቤት እንዳልሆነ ተለይቶ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ። ዳሚየን ወደ ግቢው የሚገባው የጓሮውን ሣር እንዲያጭድ ብቻ ነበር። ሣሩ እስከ ዛሬ አልታጨደም።

አቶ ሌስሊ አውቶቡስ ከመሳፈራቸው በፊት እንዲህ ብለውኛል፦ «ቬርናዬ፣ ሆዷ ከብዷል። ቆፍሪ ቆፍሪ ሲላት ሣጥኑን ስጪያትና ዞር በይላት። ሰው እያያት አትጥልም።»

ሰኞ ዕለት ዱልሲ መብላት አቆመች። ፌንጣ ጀርባዋ ላይ ሲሄድ እንኳ ዞራ አላየችውም። የመስታወት ቤቷን ጥግ ቀኑን ሙሉ ስትቧጭር ዋለች። ስለዚህ እንደታዘዝኩት ትልቁን ሣጥን አሸዋና አፈር ሞልቼ፣ በእጅ ሲጨበጥ እስኪያያዝ ድረስ ውሃ ረጭቼ፣ መብራቷን ከላይ አድርጌ አስገባኋት። ዙሪያውን በአንሶላ ጋረድኩላት። ወንድ አጠገቧ ደርሶ ስለማያውቅ እንቁላሎቹ የሚፈለፈሉ አይደሉም። ቢሆንም መውጣት አለባቸው፤ ሆዷ ውስጥ ከቀሩ ይገድሏታል። ይህን ለዳሚየንም በራፌ ላይ ቆሜ ነግሬዋለሁ። «እሺ፣ እሺ» ብሎኛል። አላውቅም ነበር ሊል አይችልም።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት በአንሶላው ቀዳዳ አየኋት። ጉድጓዷን ጨርሳ ገብታ፣ ዞራ፣ ራሷን ብቻ ወደ ውጭ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ታምጥ ነበር። ከጀርባዋ እንቁላል ይታየኝ ነበር። ኮቴዬን አጥፍቼ ወጣሁ።

ተማሪዎቹን አድርሼ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስመለስ ዝናብ ይዘንብ ነበር። የአቶ ሌስሊ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሣጥኑ ጓሮ ውስጥ ተደፍቷል፤ አፈሩ ሲሚንቶው ላይ ተበትኗል። እንቁላሎቹ ከአፈሩ ጋር የወደቁ ሲሆን የተወሰኑት በጫማ ተረግጠዋል። ዳሚየን የወ/ሮ ጆይስን የምግብ ጠረጴዛ ፒካፕ መኪናው ላይ ይጭን ነበር።

«ዱልሲ የት አለች?» አልኩት።

«የቷ ዱልሲ?»

«አታሹፍብኝ ዳሚየን።»

«እንሽላሊቷን ነው? በረሃ ወስጄ ለቀቅኳት። የበረሃ አውሬ አይደለች እንዴ? ነጻ አወጣኋት። አመስግኚኝ እንጂ እትዬ ቬርና።»

ዕቃውን ለምን እንደሚጭን ስጠይቀው ቤቱን ለሚያከራያቸው ሰዎች ባዶ ማድረግ እንዳለበት፣ አጎቱም ከሆስፒታል ሲወጡ በቀጥታ አረጋውያን ማረፊያ እንደሚገቡ ነገረኝ። «እሳቸው ያውቃሉ?» አልኩት። «ሲደርስ ይነገረዋል» አለኝ። ቃሉ ይህ ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

እንሽላሊቷን የት እንደጣላት ስጠይቀው «መንገድ ዳር» አለ። የትኛው መንገድ ስለው «ረሳሁት» ብሎ ሳቀ። በዚህ ጊዜ የፒካፑን በር ከፍቼ ቁልፉን ነቅዬ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። «ወንድ ከሆንክ ና ውሰደው» ብየዋለሁ። አልመጣም። መትታኛለች ብሎ ለፖሊስ ያመለከተው ሐሰት ነው፤ አልመታሁትም። ልመታው እጄን በልቶኝ እንደነበር ግን አልክድም። ቁልፉን እንደማልመልስ ሲያይ ሲልቨርተን መንገድ ላይ፣ የተቃጠለው መኪና ያለበት ቦታ መሆኑን ተናገረ። እንዲያሳየኝ በራሴ መኪና ይዤው ሄድኩ።

ቦታው ስንደርስ ዳሚየን ከመኪናው አልወረደም። ስልኩን ሲነካካ ቆየ። እኔ በዝናብ ቁጥቋጦውን አንድ በአንድ እየገለጥኩ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ፈለግኩ። ያገኘኋት ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ነው። ብርዱ አጥቁሯታል። ድንጋያማውን መሬት ለመቆፈር ስትታገል ጥፍሮቿ ደምተዋል፤ የቆፈረችው አንድ ስኒ እንኳ አያስቀምጥም። ሳነሳት አልተንቀሳቀሰችም። ሹራቤን ገልጬ ገላዬ ላይ ለጥፌያት ወደ መኪናው ተመለስኩ።

ዳሚየን ሆዷን አይቶ «ለማይፈለፈል እንቁላል ይሄ ሁሉ ግርግር?» አለኝ። «አፍህን ዝጋ፣ አንተ ባለጌ» ብየዋለሁ። ከዚያ ዱልሲን በቀጥታ ከተማ ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። የፒካፑን ቁልፍ እዚያው ክሊኒኩ በር ላይ ሰጥቼዋለሁ፤ ሰረቀችኝ የሚለውም ሐሰት ነው።

ሐኪሟ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋ መርፌ ብትሰጣትም የቀሩት እንቁላሎች አልወጡም። በማግስቱ ጠዋት ሆዷ ተከፍቶ እንቁላሎቹና ማህጸኗ ወጥተዋል፤ አንዱ እንቁላል እዚያው ውስጥ ፈንድቶ ተገኝቷል። ዱልሲ እስከዚህ ሰዓት በሕይወት አለች። ምግብ በመርፌ ቱቦ በአፏ ይሰጣታል። ሐኪሟ ትድናለች ብላ አልማለችልኝም።

ትናንት ማታ አቶ ሌስሊ እንደ ወትሮው ደወሉ። «ጣለች?» አሉኝ። የታመመ ልባቸውን ፈርቼ ልዋሽ ነበር፤ አልቻልኩም። ሣጥኑንም፣ ዝናቡንም፣ ጠረጴዛውንም፣ ማረፊያ ቤቱንም ነገርኳቸው። ስጨርስ «ጋሽ ሌስ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። ከዚያ «እኔንስ የትኛው መንገድ ላይ ሊጥለኝ ነበር?» አሉኝ።

ወደ ፖሊስ እንድመጣ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ተመልሰው የሚገቡት ቤታቸው እንደሆነ፣ ዳሚየንም ግቢያቸው እንዳይደርስ አጥብቀው ብለዋል። ጠረጴዛው እስከ አሁን ከዳሚየን ፒካፕ ሳይወርድ ዝናብ እየመታው ነው።

ጉዳዩን በጎረቤት ሽምግልና መጨረስ ይቻል እንደሆነ ተጠይቄ አልፈልግም ብያለሁ። የጎረቤት ጠብ ተብሎ ሳይሆን የሰው ቤት ደፍሮ መግባትና አደራ መድፋት ተብሎ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኛል። ኮንስታብሏ «ባለጌ» የሚለው ቃል ከፈለግኩ ሊወጣ እንደሚችል ነግረውኛል። ብየዋለሁና ይቆይ ብያለሁ። እዚህ የሰፈረው ሁሉ እውነት ለመሆኑ፣ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ ዳሚየን ፊት ቆሜ እንደምደግመው በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ቬርና ሆስኪንግ
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ፊርማ፦ ኮንስታብል አኒታ ፋሩጃ